የዲሽ ቴሌቪዥንን በአሮጌ ኮምፒውተር መቅዳት፦ ከጣሪያው እስከ ሳሎን

የበዓል ቀን ጥሩ ፕሮግራም የሚመጣው ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ነው። ቡናው እየተፈላ፣ ልጆቹ እየጮኹ፣ አንዱ ሪሞቱን ይዞ ኳስ ይከፍታል። «በኋላ ዩቲዩብ ላይ አየዋለሁ» ትላላችሁ። በኋላ ስትፈልጉት ወይ አልተጫነም፣ ወይ ግማሹ የለም፣ ወይ ደግሞ አይታችሁ ሳትጨርሱ ፓኬጁ ያልቃል። ዲሽ ያለው ቤት ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። ምስሉ ያለ ኢንተርኔት፣ በነጻ፣ ጣሪያችሁ ላይ እየወረደ ነው። የጎደለው የሚይዘው ዕቃ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች አንድ አሮጌ ኮምፒውተር እንዴት የሳሎን መቅጃ እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ እናያለን። ምሳሌዬ አዲስ አበባ ያለ ቤት ነው፤ ዲሹም ወደ ኢትዮሳት የዞረ ነው። ሌላ ሳተላይት ለምትከታተሉ ወይም ሌላ አገር ላላችሁ ከፍሪኩዌንሲውና ከዲሹ አቅጣጫ በቀር ሥራው ያው ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ሰው ገንዘቡን ኮምፒውተሩ ላይ ያፈሳል። ቀረጻ የሚያበላሹት ግን ኬብል፣ ሰዓትና መብራት ናቸው። እኔም እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በእርግጥ ኮምፒውተር ያስፈልጋችኋል?

ቤታችሁ ያለው ሪሲቨር የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው ራሱ ይቀዳ ይሆናል። ሪሞቱ ላይ ቀይ ክብ ምልክት ያለው ቁልፍ ፈልጉ። ፍላሽ ሰክታችሁ እሱን ስትጫኑ መቅዳት ከጀመረ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ፕሮግራም ለሚቀዳ ሰው ይኼው ይበቃል። ወጪ የለውም፣ መመሪያም አይፈልግም።

ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ከዚህ በላይ ስትፈልጉ ነው። በየሳምንቱ አንድን ድራማ ሳይረሳ የሚቀዳ፣ ሁለትና ሦስት ቻናል በአንዴ የሚይዝ፣ የቀዳውን በስልክም በላፕቶፕም የሚያሳይ፣ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን ራሱ የሚያጠፋ። ርካሽ ሪሲቨር እዚህ ላይ ይደክማል።

ከሪሲቨሩ የኤችዲኤምአይ መውጫ ላይ ገመድ ስቦ በካፕቸር ካርድ (ምስሉን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባ ዕቃ) መቅዳትም ይቻላል። እኔ አልመክርም። ቻናሉን የሚቀይረው ሪሲቨሩ ስለሆነ እናንተ ሌላ ነገር ስታዩ የሚቀዳውም ያ ሌላ ነገር ይሆናል። ኮምፒውተሩም ምስሉን እንደገና ማመቅ ስላለበት ይጨናነቃል። ከዲሹ በቀጥታ ስትቀዱ ግን የሚሠራው ሥራ የመጣውን መረጃ ዲስክ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ለዚህ ነው አሮጌ ኮምፒውተር የሚበቃው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ኮምፒውተሩ 64 ቢት የሆነ፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው፣ የኢንቴል ግራፊክስ ያለው ማንኛውም ዴስክቶፕ ሊሆን ይችላል። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ኮር አይ 3 ወይም አይ 5 በጣም ጥሩ ነው። ትንንሾቹ ጠፍጣፋ ዴስክቶፖች ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሳሎን ውስጥ አይረብሹም። ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይ ፖርት እንዳለው ግን ስትገዙ እዩ።

ሃርድ ዲስኩ 1 ቴራባይት ይሁን። ሂሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚልክ ቻናል በሰዓት 0.45 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። 4 ሜጋቢት የሚልክ ቻናል 1.8 ጊጋባይት፣ 8 ሜጋቢት የሚልክ ጥርት ያለ ኤችዲ 3.6 ጊጋባይት ይሆናል። በሰዓት 2 ጊጋባይት ብለን ብናስብ 1 ቴራባይት 500 ሰዓት ያህል ይይዛል። ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው።

ዋናው ዕቃ የሳተላይት ቱነር ነው፤ ከዲሹ የሚመጣውን ሲግናል ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚሰጠው እሱ ነው። ሁለት ዓይነት አለ፤ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ካርድና በዩኤስቢ የሚገናኝ ትንሽ ሳጥን። ለጀማሪ የዩኤስቢው ይቀላል። ዲቪቢስካይ ኤስ 960 የሚባለው በሊኑክስ (ኋላ የምንጭነው ሥርዓት የተሠራበት፣ የዊንዶውስ አማራጭ) ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ቲቢኤስ ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ መግቢያ ያላቸውን ካርዶች ይሠራል። ስትመርጡ ሦስት ነገር አጣሩ።

1. ዲቪቢ ኤስ 2 (የሳተላይት ስርጭት ዓይነት) የሚል መሆን አለበት። «ዲቪቢ ቲ» የሚለው ለምድር አንቴና ነው። በየሱቁ «ቲቪ ካርድ» እየተባለ የሚሸጠው አሮጌ የአናሎግ ካርድም ከዲሽ ጋር አይሠራም።

2. እስከ 45,000 የሚደርስ ሲምቦል ሬት (መረጃው የሚላክበት ፍጥነት) መቀበል አለበት። አንዳንድ ርካሽ ቱነሮች ከዚያ በታች ይቆማሉ፤ ብዙ ቻናል የተጫነበትን ሰፊ ፍሪኩዌንሲም ማንበብ ያቅታቸዋል።

3. ድራይቨሩ (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ሊኑክስ ውስጥ አብሮ የተካተተ ቢሆን ይመረጣል። ካልሆነ ሶፍትዌሩን ባደሳችሁ ቁጥር ድራይቨር ፍለጋ ትገባላችሁ።

ይህ ዕቃ በየሰፈሩ ሱቅ የሚገኝ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ለእሱ መንገር ነው የሚቀለው። ሞዴሉን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ጽፋችሁ ስጡት፤ በስም የሚመሳሰሉ ብዙ ናቸው። አብሮት የሚመጣውን የ12 ቮልት አዳፕተርም እንዳይረሳ። ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ) ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከቱነሩ ነው፤ የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻውን ይህን አይችልም።

ጣሪያው ላይ

ኢትዮሳት የሚገኘው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ በቆመው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ማለትም ዲሹ ወደ ላይ ያቀናል። 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያለው ናይልሳት ግን ወደ ምዕራብ፣ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ያሉትን ዲሾች አይቶ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይከብድም። ዲሹ አሁን ደህና ምስል ካመጣ አትነካኩት። የሚነካው ኤልኤንቢውና ኬብሉ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከአንዱ ኤልኤንቢ የሚመጣውን ኬብል በተራ ማከፋፈያ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ለሪሲቨር፣ ሌላውን ለኮምፒውተር መስጠት። ይህ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ያናድዳል። ምክንያቱ ኤልኤንቢው ትእዛዝ የሚቀበለው በዚያው ኬብል ስለሆነ ነው። 13 ቮልት ሲላክለት በቨርቲካል (ቪ) የተላኩትን ቻናሎች ያወርዳል፣ 18 ቮልት ሲላክለት በሆሪዞንታል (ኤች) የተላኩትን። የ22 ኪሎኸርዝ ምልክት ሲጨመርበት ደግሞ ወደ ከፍተኛው ባንድ ይሻገራል። ሪሲቨሩና ኮምፒውተሩ የተለያየ ትእዛዝ ከላኩ አንዳቸው ምስል ያጣሉ። እናንተ ማታ ቻናል ስትቀይሩ ኮምፒውተሩ የሚቀዳው ድራማ መሃል ላይ ይቋረጣል ማለት ነው።

መፍትሔው ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ ነው። ዋጋው ከአንድ መውጫው ብዙ አይርቅም። አንዱ መውጫ ለሪሲቨር፣ ሌላው ለኮምፒውተር፤ እያንዳንዱ የራሱ ኬብል። ሁለት ዲሽ ያላችሁና በዳይሴክ ስዊች (ሁለቱን ዲሽ በአንድ ኬብል በሚያመጣ መቀያየሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነም ለኮምፒውተሩ ሁለተኛ ስዊች ያስፈልጋል። ስዊቹ ላይ የትኛው ቁጥር የየትኛው ዲሽ እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ኬብሉ አርጂ 6 ይሁን። ቀጭኑን ኬብል ተዉት፤ በተለይ ከ20 ሜትር በላይ ከሄደ ሲግናሉን ይበላዋል። ጫፉ ላይ ኤፍ ኮኔክተር ስትገጥሙ ከውጭው የተጠለፈ ሽቦ አንዲት ክር እንኳ መሃለኛውን መዳብ እንዳትነካ። ከነካች ቮልቴጁ ሾርት ያደርጋል፣ ቱነሩም ሊቃጠል ይችላል። ስትሰኩና ስትነቅሉ ሁለቱንም ዕቃዎች አጥፉ። ውጭ ያለውን ኮኔክተር ውሃ እንዳይገባው በጎማ ቴፕ ጠቅልሉት። ለዲሽ ሠራተኛው ከፍላችሁ የምታሠሩ ከሆነም ይህን አጠገቡ ቆማችሁ አሠሩ። ውሃ የገባበት ኬብል በጋውን ሙሉ ደህና ይሠራና ሐምሌ ላይ ያሳፍራችኋል።

ሊብሬኤሌክን መጫን

ዊንዶውስ ላይም መቅዳት ይቻላል፤ ኔክስትፒቪአር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ድሮ ማይክሮሶፍት ራሱ ያዘጋጀው ሚዲያ ሴንተር ነበር፤ ዊንዶውስ 10 በ2015 ሲመጣ አስቀሩት። ለሳሎን መቅጃ ግን ዊንዶውስ ይከብዳል። «አፕዴት እያደረግሁ ነው፣ አታጥፉኝ» ብሎ ዜናውን ያሳልፋችኋል።

የኔ ምርጫ ሊብሬኤሌክ ነው። በሊኑክስ ላይ የተሠራ፣ ኮዲ የሚባለውን የቴሌቪዥን ማጫወቻ ብቻ ለማስነሳት የተዘጋጀ ትንሽ ሥርዓት ነው። ነጻ ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍም አያስፈልግም።

ከሌላ ኮምፒውተር ላይ የሊብሬኤሌክን የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም አውርዱና ክፈቱ። የኮምፒውተር ዓይነት ሲጠይቅ «ጄኔሪክ» የሚለውን ምረጡ። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ላላቸው «ጄኔሪክ ሌጋሲ» የሚል ለብቻው አለ። ፕሮግራሙ ፋይሉን አውርዶ ፍላሹ ላይ ይጽፈዋል። ፍላሹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ።

ፍላሹን አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ አስነሱት። ሲነሳ ኤፍ 12፣ ኤፍ 10 ወይም ኢስኬፕ ስትጫኑ የማስነሻ ምርጫ ይመጣል፤ እንደ ኮምፒውተሩ ዓይነት ይለያያል። ፍላሹን ምረጡና «ኢንስቶል» በሉት። ከዚያ የትኛው ዲስክ ላይ እንደሚጫን ይጠይቃል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ዲስኩን እንዳለ ያጠፋዋል፤ የሠርግ ፎቶ ካለበት ቀድማችሁ አውጡ።

አንዱን ትልቅ ዲስክ ለሥርዓቱም ለቀረጻውም ብትጠቀሙበት ይሻላል። ሊብሬኤሌክ ዲስኩን ሲያዘጋጅ ኢኤክስቲ 4 በሚባለው አቀማመጥ ነው። ይህ አቀማመጥ ድንገት መብራት ሲጠፋ ራሱን ቶሎ ያስተካክላል። ከዊንዶውስ የመጣ ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ግን በድንገት ከጠፋ በኋላ «መጻፍ አይቻልም» ሊላችሁ ይችላል። ፋት 32 የሆነ ዲስክ ደግሞ ከነጭራሹ አይሆንም። አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለማይቀበል ረጅም ፕሮግራም መሃል ላይ ይቆማል።

ጭነቱ ሲያልቅ ፍላሹን ነቅላችሁ እንደገና አስነሱት። ቋንቋ፣ የኮምፒውተሩ ስምና ኔትወርክ ይጠይቃችኋል። «ሳምባ» የሚለውን ማጋሪያ ክፈቱት፤ የተቀዳውን በላፕቶፕ የምታዩት በእሱ ነው። ከዚያ ወደ ሴቲንግ ግቡና ሪጅናል በሚለው ሥር የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉት። ይህን ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቲቪሄድኤንድን ማዘጋጀት

ቻናሉን ከቱነር ተቀብሎ የሚቀዳው ቲቪሄድኤንድ የሚባል ፕሮግራም ነው። ኮዲ ማሳያው ነው፤ ቲቪሄድኤንድ ደግሞ ከጀርባ የሚሠራው። ኮዲ ላይ አድኦንስ ግቡ፣ የሊብሬኤሌክን ሪፖዚተሪ ክፈቱ፣ ሰርቪስስ በሚለው ውስጥ «ቲቪሄድኤንድ ሰርቨር» የሚለውን ጫኑ። ቱነሩ አሁን ተሰክቶ መሆን አለበት። ቀጥሎ ፒቪአር ክላየንትስ ውስጥ «ቲቪሄድኤንድ ኤችቲኤስፒ ክላየንት» አለ፤ እሱንም ጫኑ። በጥንድ ነው የሚሠሩት።

ቀሪው ሥራ ከላፕቶፕ ወይም ከስልክ ነው። ኮዲ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ስትከፍቱ የኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ ይታያል። በዚያው ዋይፋይ ላይ ካለ ስልክ ብራውዘር ከፍታችሁ ያንን ቁጥር፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ (:)፣ ከዚያ 9981 ጻፉ። የቲቪሄድኤንድ ገጽ ይመጣል።

በመጀመሪያው ቀን ራሱ እየጠየቀ ይመራችኋል። የተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል አስገቡ፤ ኮዲ ላይ የጫናችሁት ክላየንትም እነዚህኑ ይፈልጋል። ቀጥሎ ቱነራችሁ ስሙ ተጽፎ ይታያል። ካልታየ ድራይቨሩ አልተገኘም ማለት ስለሆነ ወደፊት አትሂዱ። የኔትወርክ ዓይነት ሲጠይቅ «ዲቪቢ ኤስ» ምረጡ። ከዚያ የሳተላይት ዝርዝር ያመጣል፤ 57 ምሥራቅ የሚለውን ፈልጉ። ፍለጋው ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል።

አብሮ የመጣው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው። ጥቂት ቻናል ብቻ ካገኘ አትደንግጡ፤ ፍሪኩዌንሲውን በእጃችሁ ታስገባላችሁ። ከየት ታገኙታላችሁ? ከራሳችሁ ሪሲቨር። የምትፈልጉትን ቻናል ከፍታችሁ ሪሞቱ ላይ «ኢንፎ» ስትጫኑ ፍሪኩዌንሲው፣ ኤች ወይም ቪ የሚለው ፖላራይዜሽንና ሲምቦል ሬቱ ይመጣሉ። በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው። ቻናሎች ፍሪኩዌንሲ ስለሚቀያይሩ ከየትም ከተገለበጠ ዝርዝር ይልቅ ዛሬ ቤታችሁ የሚሠራውን ማመን ይሻላል።

ከዚያ ቲቪሄድኤንድ ላይ ኮንፊገሬሽን፣ ዲቪቢ ኢንፑትስ፣ ሙክሴስ (ፍሪኩዌንሲዎቹ የሚመዘገቡበት) ብላችሁ ግቡና «አድ» በሉ። አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። ሪሲቨሩ ቁጥሩን አሳጥሮ ነው የሚያሳየው። 11105 ካለ ቲቪሄድኤንድ ላይ 11105000 ተብሎ ይገባል። ሲምቦል ሬቱ 45000 ከሆነ 45000000 ይሆናል። ሦስት ዜሮ ጨምሩ፤ አለዚያ ምንም አያገኝም። ዴሊቨሪ ሲስተሙን ዲቪቢ ኤስ 2፣ ሌላውን «አውቶ» አድርጉትና ሴቭ በሉ።

ስዊች ያላችሁ ሰዎች ቲቪ አዳፕተርስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ «ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ» የሚለውን «4 ፖርት ስዊች» ወደሚለው ቀይሩ። ለእያንዳንዱ ፖርት የራሱን ኔትወርክ ስጡ። ወረቀት ላይ የጻፋችሁት ቁጥር አሁን ይጠቅማል።

ፍለጋው ሲያልቅ የተገኙት ሁሉ ሰርቪስስ ውስጥ ይዘረዘራሉ። «ማፕ ኦል» ስትሉ ቻናል ይሆናሉ። የተቆለፉትን ግን አታካትቱ፤ አይከፈቱም። ዲኤስቲቪና የመሳሰሉት ክፍያ ያላቸው ጣቢያዎች በዚህ መንገድ አይቀዱም። እነሱን ለመቅዳት ድርጅቱ ራሱ የሚሸጠው መቅጃ ያለው ዲኮደር አለ።

አሁን ደስ የሚለውን ነገር ልንገራችሁ። ቱነሩ አንድ ፍሪኩዌንሲ ሲይዝ በዚያ ላይ የተጫኑትን ቻናሎች ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ በአንድ ቱነር፣ እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉ ሦስትና አራት ጣቢያዎችን በተመሳሳይ ሰዓት መቅዳት ይቻላል። በበዓል ዋዜማ ሁሉም ጣቢያ ጥሩ ጥሩውን በአንድ ሰዓት ሲደራርበው ዋጋው ይታወቃል። የተለያየ ፍሪኩዌንሲ ላይ ካሉ ግን ሁለተኛ ቱነር ያስፈልጋል።

የቀረጻ ቅንብር

ኮንፊገሬሽን ውስጥ ሪኮርዲንግ የሚል ክፍል አለ። እዚያ ጥቂት ነገር ብቻ አስተካክሉ። ስትሪም ፕሮፋይሉ «ፓስ» ይሁን፤ የመጣውን ሳይነካ ይጽፈዋል፣ ጥራቱም አይቀንስም። ከፕሮግራሙ በፊት 5 ደቂቃ፣ ከፕሮግራሙ በኋላ 20 ደቂቃ እንዲጨምር አድርጉ። ሃያ በዛ እንዳትሉ። የቀጥታ ዝግጅትና የበዓል ፕሮግራም በሰዓቱ ሲያልቅ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። በመጨረሻም ቀረጻው ስንት ቀን እንደሚቆይ ወስኑ። ዜናን ለሳምንት፣ ድራማን ለሁለት ወር ማቆየት በቂ ነው።

ሰዓቱን መሙላት

ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን ክፍል አይነግራችሁም። እዚያ ሰው ከፕሮግራም ዝርዝሩ ላይ ርእሱን ተጭኖ «ቅዳ» ይላል፤ አለቀ። እናንተም ዝርዝሩን ክፈቱና እዩ። የምትፈልጉት ጣቢያ ፕሮግራሙን በትክክል ከላከ ይኼው መንገድ ይሠራል። ባዶ ከሆነ ወይም በደፈናው ከተሞላ፣ ዲጂታል ቪዲዮ ሪኮርደር ገጽ ላይ «ታይመርስ» የሚለውን ትጠቀማላችሁ። ቻናሉን፣ መጀመሪያውን፣ ማብቂያውንና ቀኖቹን ትሞላላችሁ።

ጣቢያው የሚናገረው በኢትዮጵያ ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። መቀየሪያው እንዲህ ነው፦ በቀን ከሆነ 6 ጨምሩ፤ በማታና በሌሊት ከሆነ 18 ጨምሩ። ውጤቱ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 ቀንሱና ቀኑን አንድ ወደፊት ግፉ። 12 ሰዓትን እንደ ዜሮ ቁጠሩት።

ከቀኑ 9 ሰዓት 15:00 ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት 18:00 ነው። የማታው የ2 ሰዓት ዜና 20:00 ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ስትደምሩ 25 ይሆናል፤ ስለዚህ በማግሥቱ 1:00 ነው።

የመጨረሻው ነው የሚያስቸግረው። የፋሲካ ሌሊት ሥርዓት በቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት ይተላለፋል ቢባል፣ እኛ ገና ቅዳሜ ላይ ነን። ለኮምፒውተሩ ግን እሑድ ገብቷል። «ቅዳሜ 1:00» ብላችሁ ከሞላችሁ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ያለውን ይቀዳላችኋል። ፋሲካ ደግሞ በዓመት አንዴ ነው።

ቀኑም እንደዚሁ በፈረንጅ ነው የሚሞላው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ግን 12 ይሆናል። በስልክ ካላንደር አረጋግጡ።

መብራት

መብራት ሲጠፋ ሦስት ነገር ይበላሻል። እየተቀዳ ያለው ይቋረጣል፣ ኮምፒውተሩ ሳይነሳ ይቀራል፣ ወይም በተሳሳተ ሰዓት ይነሳል። ለሦስቱም መድኃኒት አለ።

ሁለተኛው በነጻ ይስተካከላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ (የራሱ የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር) ግቡ። ከኃይል ጋር የተያያዘው ክፍል ውስጥ መብራት ሲመለስ ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ፤ «ፓወር ኦን» አድርጉት። ከዚያ በኋላ መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይነሳል፣ ቲቪሄድኤንድም አብሮ ይነሳል። የቀረጻው ሰዓት ካላለፈም ቀሪውን መቅዳቱን ይቀጥላል።

ሦስተኛው የሚመጣው ከማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሞታ ነው የምትገኘው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳና ዓመታት ወደኋላ ሄዶ ይነሳል። ኢንተርኔት ካለ ራሱን ያርማል። ኢንተርኔትም አብሮ ከጠፋ ግን ምንም አይቀዳም፣ ወይም የማይሆን ነገር ይቀዳል። ባትሪዋ ርካሽ ናት። ኮምፒውተሩን የገዛችሁ ዕለት ቀይሯት።

አንደኛው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ይፈልጋል። ትንሽ ዩፒኤስ ብዙ ደቂቃ አይቆይም፤ አጭር አጭር መቆራረጡን ግን ያሻግራል። የቱነሩን አዳፕተር አብራችሁ ሰኩት። «ላፕቶፕ ብጠቀም ባትሪ አለው» የምትሉም ይህን አስታውሱ። ላፕቶፑ አይጠፋም፣ ቱነሩ ግን ይጠፋል፣ ከእሱ ጋር ኤልኤንቢውም። ቴሌቪዥኑን ግን ዩፒኤሱ ላይ አትሰኩ፤ ለመቅዳት አያስፈልግም፣ ባትሪውን ብቻ ይጨርሳል።

ቀንና ሌሊት ክፍት መሆኑ ያሳሰባችሁ ካላችሁ፣ 40 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር በወር 29 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል። ቆጣሪያችሁ ላይ ያለውን ታሪፍ አስሉበት።

ክረምት ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። ከባድ ዝናብ ዲሹ የሚቀበለውን የኬዩ ባንድ ሲግናል ያዳክማል። ዶፉ ሲወርድ ምስሉ ቢሰባበር ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። በደህና ቀን ዲሹ በደንብ ከተስተካከለ ግን ለመጥፎው ቀን ትርፍ ይኖረዋል። ቲቪሄድኤንድ ስታተስ የሚለው ገጽ ላይ የሲግናሉን መጠን በቁጥር ያሳያል። ዲሹን ስታስተካክሉ አንዱ ሰው ጣሪያ ላይ፣ ሌላው ስልክ ይዞ ከዚያ ገጽ ላይ ቢያነብለት ከሪሲቨሩ የበለጠ ይጠቅማል። ሲግናሉ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ ለሚያሳየው ለኤስኤንአር ቁጥሩ ትኩረት ስጡ። መብረቅ ሲበዛ ግን ኬብሉን ከቱነሩ ንቀሉ፤ ምንም ፕሮግራም ለዚህ አይበቃም።

ከተቀዳ በኋላ

ኮዲ ላይ ቲቪ፣ ሪኮርዲንግስ ውስጥ ሁሉም ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ከላፕቶፕ ለማየት በኔትወርክ ውስጥ ያለውን የሪኮርዲንግስ ፎልደር ክፈቱ። ቪኤልሲ ያለ ምንም ችግር ያጫውተዋል። ስልክ ላይም ቪኤልሲ ጫኑ።

ማስታወቂያውን ለመቁረጥ ሎስለስከት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ምስሉን እንደገና ስለማያምቅ የሁለት ሰዓት ፋይል ቆርጦ ለማውጣት ጊዜ አይፈጅበትም።

ቲቪሄድኤንድ ላይ ያለቁትን ቀረጻዎች ዝርዝር ስታዩ «ዳታ ኤረርስ» የሚል አምድ አለ። ዜሮ ወይም ጥቂት ከሆነ ደህና ነው። በደረቅ ቀንም በመቶዎች የሚቆጠር ከሆነ ኬብሉን፣ ኮኔክተሩንና ኤልኤንቢውን በዚሁ ቅደም ተከተል ፈትሹ። ሶፍትዌሩን አትንኩት፤ ጥፋቱ እዚያ የመሆኑ ዕድል ትንሽ ነው።

የቀዳችሁት ለቤታችሁ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የብሮድካስት ድርጅቶችንም መብት ይጠብቃል። የቀዳችሁትን ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ መጫን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያንን ለባለቤቶቹ ተዉላቸው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለሙከራ አድርጉት። የማታውን ዜና በየቀኑ እንዲቀዳ አዝዙት፤ ከ19:55 እስከ 21:00። በአንዱ ቀን ሆን ብላችሁ መሃል ላይ ከሶኬቱ ንቀሉትና መልሳችሁ ሰኩት። ራሱ ተነስቶ፣ ሰዓቱን ሳይስት መቅዳቱን ከቀጠለ ለበዓሉ ዝግጁ ናችሁ።